የጋሽ ተካ ግጥም የሌለው ዜማ

የጋሽ ተካን ሞት የሰማሁት ከመገናኛ ወደ ሲ.ኤም.ሲ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን ለጓደኛዋ አሳየቻትና፣ "ውይ፣ ይሄ ፊልም ላይ ሁሌ የሚሞተው ሰውዬ ሞተ እኮ!" አለቻት። አንገቴን አስግጌ አየሁ። እሱ ነው። ግራጫ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ይስቃል፤ ከፎቶው ሥር ሻማ ተደርጎበታል። ረዳቱ "ሂሳብ ወደ ኋላ" እያለ እጁን ዘርግቶብኝ ነበር፤ ምን እንደሰጠሁት አላስታውስም። ጉርድ ሾላ ላይ መውረዴን ረስቼ ሲ.ኤም.ሲ ድረስ ሄድኩ።

ድሮ ሞት እንዲህ አይነገርም ነበር። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሩቅ ያለ ዘመድ ይጠበቃል፣ ሊነጋጋ ሲል የሟች ቤተሰብ በር ይንኳኳል። ጋሽ ተካ ራሱ፣ "ሞት እንኳ በሽማግሌ ይላክ ነበር፤ ዛሬ በቴሌግራም ይላካል" ይል ነበር። በመርዶ ወግ ከሱ ይበልጥ የሚቆረቆር ሰው አላውቅም። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

እኔ ራሔል እባላለሁ፤ ሥራዬ የፊልም አልባሳት ነው። ተዋናዩ የሚለብሰውን እመርጣለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ። ጠዋት አንገት ላይ የታየ ሻርፕ ከሰዓት በኋላ እንዳይጠፋ የምጠብቅም እኔ ነኝ፤ አለዚያ ተመልካች ይስቅብናል። ጋሽ ተካን መጀመሪያ ያገኘሁ ቀን በጨዋ ደንብ፣ "ጋሽ ተካ፣ እስቲ ይሄን ኮት ይሞክሩልኝ" ስለው ፊቱን አጨማደደ።

"ሜካፕ ሳልቀባ አታስረጂኝ እንጂ፤ አንተ በይኝ" አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንተ አልኩት። አባቴ ቢሰማ በጥፊ ያጮለኝ ነበር።

በወጣትነቱ ዘፋኝ ነበር። ከቀበሌ ኪነት ተነስቶ በሆቴል ባንዶች ብዙ ዓመት ዘፍኗል፤ የካሴት ዘመን ሲያበቃ ሥራ አጣ። "ካሴትን ሲቀብሩት እኔም አብሬ ልገባ ነበር፣ ፊልም እግሬን ይዞ ጎተተኝ" ይላል። ፊቱ ለአባትነት የተሠራ ስለነበር የሚታመም አባት፣ የሚከዳ ባል፣ ልጁ ሳትደርስለት የሚሞት ሽማግሌ እያደረጉ አሠሩት። ሲግናል አካባቢ አብረን ስንሄድ ሴቶች ያስቆሙትና፣ "እንኳን ተረፍክ!" ይሉታል። አንዴ አንዲት አትክልት ሻጭ፣ በፊልም ላይ የልጁን ቤት ደብቆ ስለሸጠ፣ ቲማቲሟን ትታ ትወርድበት ጀመረች። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ፣ "ይቅርታ እናቴ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም" አላት። ሴትዮዋም ይቅር ብላ ቲማቲም መረቀችለት።

ባርኔጣውን ደግሞ ለማንም አያወልቅም ነበር። ለባለሥልጣንም፣ ለፊልም ሠሪም አያወልቅም። የሚያወልቀው ለእናቶች ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ለሚወርዱ ሴቶች ነው። መንገድ ላይ ካገኛቸው ከአስፋልቱ ወርዶ ቦይ ውስጥ ይቆማል። የቀረጻ መኪና ውስጥ ከሆንን ሾፌሩን ያስቆመዋል። ዳይሬክተር ቢጮህ፣ ፀሐይ ብታልፍ ግድ የለውም። "ባለ ሸክም መንገድ አይለቅም፤ የምንለቀው ባዶ እጃችንን ያለን ነን" ይላል። እናቱ እማማ ዘነቡ እሱን ያሳደጉት በዚያ ሸክም ነበር። ማለዳ ሽቅብ ወጥተው፣ ቀትር ላይ ጎብጠው ወርደው፣ ቅጠሉን በሰፈራቸው በፈረንሳይ ገበያ ሸጠው ነው ለልጃቸው ደብተር የሚገዙት። እኔ ሳውቃቸው አርጅተው አልጋ ላይ ውለዋል። ጋሽ ተካ አላገባም፤ ጠዋት ቁርሳቸውን ሳያጎርስ ከቤት አይወጣም፣ ማታ እግራቸውን ሳያጥብ አይተኛም። ለቀረጻ ስንጠራው፣ "ቆይ እመቤቴን ላስፈቅድ" ይለናል።

አሁን እደርስበታለሁ ወዳልኩት ነገር ልምጣ፤ የጀመረው በአንድ ፊልም ነው።

ዳይሬክተሩ ሳሚ ገና ልጅ ነበር፤ የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። ታሪኩ የሲ.ኤም.ሲ ቪላ ውስጥ የምትኖር የናጠጠች ነጋዴ ሞታ ልጇ በጸጸት ሲያለቅስ ያሳያል፤ ልጁ ጋሽ ተካ ነው። ትልቁ ትዕይንት የለቅሶ ድንኳን ይፈልጋል። ሳሚ ድንኳን መከራያም የለው፣ ለቀስተኛ መቅጠሪያም የለው። ጋሽ ተካ አዘነለትና ከራሱ ሰፈር፣ ከፈረንሳይ፣ የእድሩን ድንኳን ሊለምንለት ሄደ።

የእድሩ ዳኛ ሀጂ ከድር ናቸው፤ ባለሱቅ፣ ቃላቸው የሚከበር። "ልጄ፣ ድንኳን ያለ ሬሳ ተተክሎ አያውቅም" አሉት። ሴቶቹም ሟርት ነው ብለው እምቢ አሉ። ነገሩን የፈቱት እማማ ዘነቡ ናቸው። ከአልጋቸው ሆነው፣ "ስጡት፣ የልጄ ሞቱም ለቅሶውም የውሸት ነው፤ በውሸት ብታለቅሱለት ምን ትሆናላችሁ?" ብለው አሳቋቸው። የእድሩ መሥራች ስለሆኑ ማንም ሊመልስላቸው አልደፈረም። ድንኳኑ ከቤታቸው ትንሽ ዝቅ ብሎ ካለችው ሜዳ ላይ ተተከለ። የሰፈሩ ሴቶችም ለቀስተኛ ሊሆኑልን ነጠላቸውን ለብሰው መጡ።

የእኔ መከራ የጀመረው እዚያ ነው። ሐዘንተኛ ነጠላውን ዘቅዝቆ ነው የሚለብሰው፤ ከታች የሚወርደው ጥለት ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይመጣል። ሴቶቹ ይሄን ለካሜራው ብቻ ሊያደርጉልኝ ተስማሙ። ሳሚ "አክሽን" ሲል ይዘቀዝቃሉ፣ ያለቅሳሉ፤ "ካት" ከማለቱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነጠላቸውን መልሰው ያስተካክላሉ። "እባካችሁ እንዳለ ተዉት፣ ደግመን ስናነሳ አይገጥምልኝም" እያልኩ ብለምን፣ "ሰው ሳይሞት ዘቅዝቀን አንቀመጥም፣ አንቺ ልጅ! ምን ልትጠሪብን ነው?" ይሉኛል። ጠዋቱን ሙሉ ከትከሻ ትከሻ ስሮጥ አረፈድኩ። ጋሽ ተካ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ፣ "ራሔል ተሸነፈች!" እያለ ይስቅብኛል።

ምሳ ሰዓት ላይ ሀጂ ከድር መጥተው ሳሚን፣ "ምን ቀራችሁ?" ብለው ጠየቁት። "አንድ ትዕይንት ብቻ ነው፣ ሀጂ" አላቸው። ጢማቸውን ይዘው ትንሽ ቆሙና፣ "ጨርሱ እንግዲህ" ብለው ወደ ሴቶቹ ሄዱ። ድንኳኑን ለመንቀል ቸኩለው መስሎኝ ነበር።

ከምሳ በኋላ ያለው ለቅሶ የጠዋቱ ዓይነት አልነበረም። ጠዋት እየተጎሻሸሙ ያለቀሱት ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ አነቡ። ሳሚ "ካት" ሲል አንዳቸውም ነጠላቸውን አልመለሱም። እንደዘቀዘቁ፣ መሬት መሬት እያዩ ተቀመጡ። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። "እንዲህ ነው እንጂ! ጎበዞች!" ብዬ ጮኽኩ።

ጋሽ ተካ መሐል ላይ ቆሞ የሴቶቹን ትከሻ አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ወደ ሳሚ ዞሮ፣ "አንዴ እንድገመው። ጽሑፍህ ላይ የሌለ ነገር ልሞክር" አለው። ድምፁ ላይ ምንም የተለየ ነገር አልነበረም። ካሜራው ሲነሳ በጉልበቱ ወረደ፣ ጋቢውን ተከናነበ፣ እንጉርጉሮ ጀመረ። ዜማው ዝቅ ያለ ነው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ቃሉ ለቆምነው አይሰማም። ሳሚ እያለቀሰ "ካት" ማለት ረሳ። እኔም አለቀስኩ፤ እንዴት ያለ ተዋናይ ነው እያልኩ።

ሲጨርስ እያንዳንዷን ሴት ትከሻዋን ሳመ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና አድርጋችሁ አለቀሳችሁልኝ" አላቸው። ሀጂ ከድር ክንዱን ያዙና፣ "ዛሬ እኔ ቤት ራት ብላ፣ እዚያው ትተኛለህ። እናትህ ደክሟቸው ተኝተዋል፣ አትቀስቅሳቸው" አሉት። "እሺ ሀጂ" ብሎ ተከተላቸው።

እማማ ዘነቡ ያረፉት ቀትር ላይ ነበር። ጎረቤታቸው እማማ አስካለ ተራ ደርሷቸው ሲጠብቋቸው፣ እጃቸው ላይ ነው ያሸለቡት። ዓይናቸውን የከደኑትም፣ በሩን ዘግተው አጠገባቸው የተቀመጡትም እማማ አስካለ ናቸው። መርዶ በቀትር አይነገርም፤ እህቱም ከደብረ ብርሃን አልደረሰችም። ስለዚህ ሰፈሩ መከረ፤ ልጁ ሥራውን ይጨርስ፣ ይብላ፣ ይተኛ፣ ሊነጋጋ ሲል ይነገረው ተባለ። ሴቶቹ ግን ሰው ሞቶ ነጠላ መመለስ አልሆነላቸውም። እኛ የቀረጻው ሰዎች ምንም አላወቅንም፤ የሰማነው በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ነገሩት። "እሺ" ብሎ ጫማውን አሰረ፣ ይባላል። ሳንነቅለው ባደረው ድንኳን ውስጥ፣ በዚያው አግዳሚ ላይ፣ በዚያው ሴቶች መሐል አስቀመጡት። እንባ የሚባል አልወጣውም። ቀብሩም ላይ እንደዚያው። ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። በእናቱ ላይ ድንኳን ተከለ፣ ለካሜራ አንብቶ ለእናቱ ደረቀ ተባለ። እማማ አስካለ በፈረንሳይ ሙሾ በማውረድ የሚስተካከላቸው የለም፤ ያን ቀን ግን ሙሾውን አቋርጠው ፊት ለፊቱ ቆሙ።

"እንባህን ለፊልም ሸጠህ ጨረስከው ወይ፣ ተካ?" አሉት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ እማማ አስካለ አላናገሩትም፤ ያን ፊልምም በቤታቸው እንዳይከፈት ከለከሉ። እሱ በየዓመት በዓሉ ደጃቸው ሄዶ ጉልበታቸውን ይስማል። ፊታቸውን አዙረው ጉልበታቸውን ይሰጡታል።

ፊልሙ ገነነ። ሳሚ በትዕይንቱ ላይ የውጭ ሙዚቃ ስለጫነበት ቃሉ አይሰማም፤ ዜማው ብቻ ከሥር ይፈሳል። ያ ዜማ የስልክ ጥሪ ሆነ፣ ታክሲ ውስጥ ተዘፈነ። ሰው ሁሉ "ግጥሙን ንገረን" ይለዋል። "ግጥም የለውም" ይላል። አንድ ሲ.ኤም.ሲ የተደረገ ሠርግ ላይ አብረን ተጠርተን፣ ሙሽራው ማይክ ይዞ መጥቶ የድንኳኑን ዜማ ዝፈንልን ብሎ ለመነው። "ሌላ እዘዘኝ፣ የኔ ጌታ" አለው። ከኋላችን አንድ ጎልማሳ፣ "ተዉት፣ ለእናቱ ያላለቀሰ ለኛ ሊዘፍን ነው?" አለ። ጋሽ ተካ ሰምቷል፤ ሹካው እጁ ላይ ሲቆም አይቻለሁ። ከዚያ መብላቱን ቀጠለ። እኔ ነኝ የተንገበገብኩት።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ፣ አንድ እሑድ፣ እንደ ልማዱ እንጦጦ ይዞኝ ወጣ። ሐኪም የልብ ሕመም እንዳለበት ከነገረው ወዲህ ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። ከመናፈሻው አጥር ውጭ ባለችው የድሮ መንገድ አንዲት ሴት ቅጠል ተሸክማ ስትወርድ አገኘናት፤ ባርኔጣውን አውልቆ እስክታልፍ ቆመ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከተማው ከሥራችን ተዘርግቷል። የሠርጉ ነገር አልወጣልኝ ብሎ ነበርና አፈረጥኩት።

"ጋሽ ተካ፣ ያኔ ለምንድን ነው ያላለቀስከው?"

ወደ እኔ ዞረ። "ያን ቀን ከምሳ በኋላ ሴቶቹን ምን ብለሻቸው ነበር?" አለኝ።

"እንጃ።"

"'ጎበዞች' ብለሻቸዋል። ካት ሲባል ነጠላቸውን ያልመለሱት ላንቺ ብለው መሰለሽ?"

"አውቀህ ነበር?"

"የኔ ሰፈር ሴቶች ሰው ሳይሞት ዘቅዝቀው አይቀመጡም። ጠዋት ሙሉ ያልሞተ ሰው፣ ምሳ ላይ ሞቷል ማለት ነው። አልጋ ላይ የነበረች ደግሞ የኔ እናት ብቻ ናት።"

"ታዲያ ለምን ጥለህ አልሮጥክም?"

"ወዴት? ቤት ብሄድ አስካለ በር ላይ ቆማ 'ተኝታለች' ልትለኝ ነው። እንዴት ብዬ ውሸቷን ከአፏ ልንጠቃት? ሀጂ ከድር እንጀራ እየቆረሱ ሲያጎርሱኝ አመሹ። ሰፈር በሙሉ ለኔ ብሎ አፉን ይዞ ውሎ፣ 'ነቅቼባችኋለሁ' ልበል?" ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረው። "ደግሞ እይው፣ ድንኳን ተተክሏል፣ ሴቶቹ ዘቅዝቀዋል፣ እናቴን እያለቀሱ ነው። እኔም ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ የበለጠ ለቅሶ ከየት አመጣላታለሁ?"

"በማግስቱስ?"

"በማግስቱ ብጮህ፣ ራሔል፣ እሱ ነበር ትወናው።"

አለቀስኩ። እሱ መሐረቡን ሰጠኝ። ይሄን ለሰው መናገር አለብህ፣ ቢያንስ ለእማማ አስካለ ንገራቸው ብዬ ለመንኩት። ራሱን ነቀነቀ።

"እሷ ካወቀች፣ 'በካሜራ ፊት አረዳነው' ብላ ትቃጠላለች። የእናቴን ዓይን የከደነች ሴት ናት። እኔን ትማኝ፣ እሱ ይሻላታል። አንቺም በኔ ሞት አደራሽን።"

"እሺ፣ ግጥሙስ?"

"ግጥሙ የባለቤቱ ነው" አለና ባርኔጣውን ደፍቶ ተነሣ።

የጋሽ ተካ ለቅሶ ላይ የደረስኩት ከሲ.ኤም.ሲ በቀጥታ ተመልሼ ነው። ያው ሜዳ፣ ያው የእድር ድንኳን፤ ሸራው አርጅቶ እዚህም እዚያም ተጥፏል። ሀጂ ከድር በምርኩዝ ሆነው በር ላይ ሰው ይቀበላሉ። እማማ አስካለ ከሴቶቹ መሐል ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። የጎረቤት ግዴታ ነው፣ መጥተዋል፤ አፋቸውን ግን አልከፈቱም። ሙሾ አውራጅዋ ዝም ስላሉ ሌሎቹም አልደፈሩም። ድንኳኑ ውስጥ የሚሰማው የወንበር መንኳኳት ብቻ ነበር። አርባ ፊልም ላይ የተለቀሰለት ሰው በራሱ ለቅሶ ላይ የሚያለቅስለት አጣ ብዬ አንጀቴ አረረ። አደራው አፌን ይዞኛል።

ከሰዓት በኋላ ሳሚ ትልቅ ቴሌቪዥን አሸክሞ መጣ። አሁን ጸጉሩ ሸብቷል። ከተዋንያኑ ጋር ማስታወሻ አዘጋጅተዋል። "የድንኳኑን ትዕይንት ነው" አለ፣ ዓይኑ ቀልቶ። "ልጅነት ነው፣ ያኔ ሙዚቃ ጫንኩበት። አሁን ሙዚቃውን አንስቼ የሱን ድምፅ ብቻ አስቀምጫለሁ።" ቃሉ ሊሰማ ነው። ያኔ ጋቢው ሥር ትንሿን ማይክ የደበቅኩለት እኔ ነኝ። ሳሚን ላስቆመው ተነሣሁ፤ ግን ምን ብዬ? እማማ አስካለ ፊታቸውን ከቴሌቪዥኑ ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞሩ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ጋሽ ተካ በጉልበቱ ወረደ። ጋቢውን ተከናነበ። ትንፋሹ ተሰማ፣ ቀጥሎ ቃሉ፦

"ሽቅብ ስትወጪ ለቅጠል ለጭራሮ፣
ማን ያወርድልሻል ሸክምሽን ዘንድሮ።"

መጀመሪያ ማንም አልተነቃነቀም። የፊልሙ እናት የቪላ እመቤት ናት፤ ቅጠል ተሸክማ አታውቅም። እማማ አስካለ ፊታቸውን ከሸራው ቀስ ብለው መለሱ። እሱ ደግሞ ያንኑ ደገመው።

"ዘነቡ ናት" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ጮክ ብለው፣ "ዘነቡ ናት እኮ! አውቋል! ከድር፣ ልጁ አውቆ ነበር!"

ሀጂ ከድር ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ቀሩ። "እኔ ቤት ራት በላ" አሉ። "ዝም ብሎ በላልኝ።"

እማማ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። አደራ ያለበት ሰው ፊት ይታወቃል መሰለኝ፣ አልጠየቁኝም። እጄን ጨብጠው ተነሡ። "ታዲያ አልቅሶላታል" አሉ። "እናቱን አልቅሶላታል፣ እኔን ጉድ! ይህን ሁሉ ዓመት ጉልበቴን እያስሳምኩት!" ደረታቸውን ይዘው መሐል ገቡ። ያ ዜማ፣ ታክሲ ውስጥ ያለ ቃል የተዘፈነው፣ ከአፋቸው ከነቃሉ ወጣ፦

"ሽቅብ ስትወጪ ለቅጠል ለጭራሮ፣
ሸክምሽን ሊያወርድ ልጅሽ መጣ ዘንድሮ።"

ሴቶቹ ተቀበሉ። ሳሚ ቴሌቪዥኑን አጠፋው።